ናሙናው ይደርሳል፣ ውጤቱ አይመለስም፦ የአንድ የድሬዳዋ ላቦራቶሪ የአይፒ አድራሻ ጉዳይ

## መነሻ

ከሐረር ድሬዳዋ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። አወዳይንና ሐረማያን አልፎ የደንገጎን ቁልቁለት ይወርድና ድሬ ይገባል። በዚህ መንገድ በቀን ሁለት ጊዜ የደም ናሙና በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ይመጣል። ውጤቱ ደግሞ በኢንተርኔት ወደ ሐረር ይመለሳል። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ግን መመለሱን አቆመ። ነገሩ በወጉ እስኪስተካከል ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

እኔ ድሬ ውስጥ የኔትወርክ ሥራ የምሠራ ሰው ነኝ። ጉዳዩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለያዝኩት፣ የተሳሳትኩትንም ጨምሬ እዚህ አስፍሬዋለሁ። የላቦራቶሪውንም የኢንተርኔት አቅራቢዎቹንም ስም አልጠራም። ሰዎቹንም በሥራቸው ብቻ ነው የምጠራቸው። እንድጽፈው የገፋፋኝ የችግሩ ምንጭ የተገኘበት ቦታ ነው። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ካለ አንድ ራውተር የጀመርነው ፍለጋ ሞሪሸስ ድረስ ወስዶናል።

## ቤቱና መስመሩ

ላቦራቶሪው ዋናው ቤት ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ማሽኖቹ፣ ባለሙያዎቹ፣ ሰርቨሩም እዚያ ናቸው። ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከሒሳብ ክፍሉ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ተራ ኮምፒውተር ነው። ሐረር ከጀጎል ግንብ ውጪ ናሙና የሚቀበል ትንሽ ቅርንጫፍ አለ። አንዲት ሲስተር፣ አንዲት የሪሰፕሽን ልጅ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር። በቃ።

የሐረሩ ኮምፒውተር ሰርቨሩን የሚያገኘው በአይፒ አድራሻው ነበር፤ ማለትም መሣሪያዎች በኢንተርኔት ላይ እርስ በርስ በሚፈላለጉበት ቁጥር። የድሬው ቤት መደበኛ መስመር ነበረው፤ ከመስመሩ ጋር አንድ ቋሚ የአይፒ አድራሻ ተሰጥቶታል። ከአራት ዓመት በፊት ሥርዓቱን የዘረጋው ልጅ ያንን ቁጥር ሐረር ባለው ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ፣ በወረቀትም ጽፎ ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ለጠፈው። ከዚያ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ሲስተር ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። ምን እንደሆነ ግን የነገራት ሰው አልነበረም።

ከዚያ የመንገድ ሥራ መጣ። ኤክስካቫተሩ በቆፈረ ቁጥር ገመዱ ይበጠሳል። መስመሩ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት ቀን ይጠፋል። የላቦራቶሪው ባለቤት የሆኑት ዶክተሩ ትዕግሥታቸው አለቀና ከሌላ አቅራቢ በሲም ካርድ የሚሠራ የ4ጂ ራውተር ገዙ። ፍጥነቱ ከድሮው በብዙ እጥፍ ይሻላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። የድሮውን መስመር ወዲያው አዘጉት። ከተማ ውስጥ ማንም ሰው የሚያደርገው ነው፤ እኔም ብጠየቅ ኖሮ «ጥሩ አደረጉ» ነበር የምላቸው።

## ምን ተበላሸ

አዲሱ ራውተር እሑድ ተገጠመ። ሰኞ ጠዋት ሲስተር ደወለች።

«ወንድሜ፣ ኢንተርኔት አለ። ሲስተም ግን የለም።»

በኋላ ሳስበው ከዚህ የተሻለ ምርመራ ማንም አልሰጠም፣ እኔን ጨምሮ። ሐረር ቴሌግራም ይሠራል፣ ዩቲዩብ ይከፍታል። ድሬም እንደዚያው። ሐረር ድሬን ሲፈልግ ግን የለም።

ሥራው መቆም ስለሌለበት ውጤቱ በሁለት መንገድ ይላክ ጀመር። አንዱ በቴሌግራም ፎቶ ነው። ሌላው በወረቀት፣ ማታ በሚመለሰው ሚኒባስ። በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ታካሚ ውጤት ፎቶ በስህተት ለሌላ ሰው ተላከ። ወዲያው ተደውሎ ተሰረዘ። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ጋር ይመድበዋል። ዶክተሩን በጣም ያናደዳቸው ይኸው ነው።

«አንተ ልጅ፣ ደሙ በአንድ ሰዓት ይወርዳል። ወረቀቱ ደግሞ በዚያው መኪና ተሳፍሮ ይወጣል። ታዲያ ለኢንተርኔቱ የምከፍለው ለምንድን ነው?»

## የባከኑት ሁለት ሳምንታት

መጀመሪያ የታየኝ ቀላል ነገር ነበር። መስመሩ ሲቀየር አድራሻው ይቀየራል። ስለዚህ «የእኔ አይፒ ስንት ነው» የሚለውን ድረ ገጽ ድሬ ላይ ከፍቼ የወጣውን ቁጥር ለሲስተር በስልክ አስጻፍኳት። አልሠራም። በአዲሱ ራውተር ላይ ፖርት ከፈትኩ፤ ማለትም ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ወደ ሰርቨሩ እንዲመራ አዘዝኩት። አልሠራም። በማግሥቱ ቁጥሩ ራሱ ተቀይሮ አገኘሁት። አሃ አልኩና ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር ራሱን የሚያድስ የስም አገልግሎት አስገባሁ። ስሙ በትክክል ይታደሳል። ሲስተም ግን አሁንም የለም።

ታይዋን ገበያ ያለ የዕቃ መደብር ውስጥ አንዱ «አቦ፣ ራውተሩ ነው፣ ይሄ ሞዴል ፖርት አይከፍትም» አለኝ። በሙሉ ልብ ስለተናገረው አመንኩት። ሌላ ራውተር ተገዛ። ያም አልሠራም። የዚያን ራውተር ገንዘብ እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ስህተቴ አንድ ነበር። ድረ ገጹ የሚያሳየኝን ቁጥር ራውተሩ ራሱ ከአቅራቢው ከተቀበለው ቁጥር ጋር አላስተያየሁም። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያ የግንቦት ሙቀት፣ ሌላ ነገር ስፈልግ የራውተሩን የመረጃ ገጽ ከፈትኩ። በ100.91 የሚጀምር ቁጥር ተጽፏል። ድረ ገጹ የሚያሳየኝ ሌላ ነው። ያኔ ነው የገባኝ።

## በ100 የሚጀምረው ቁጥር

ነገሩን ለዶክተሩ ያስረዳሁት በፖስታ ሣጥን ነው፤ እዚህም እንደዚያው ልድገመው።

እኛ አገር ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፤ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው ያለን። አንድ ትምህርት ቤት አንድ ሣጥን አለው እንበል፤ መምህራኑ ሁሉ በዚያ ይጠቀማሉ። መምህሩ ደብዳቤ ሲልክ ጸሐፊዋ «ይህን የላኩት እገሌ ናቸው» ብላ ትመዘግባለች። መልሱ ሲመጣ መዝገቧን አይታ ለባለቤቱ ትሰጣለች። ማንም ያልጠየቀው ደብዳቤ፣ ሣጥን ቁጥር ብቻ የተጻፈበት፣ ቢመጣስ? ለማን ትስጠው? ትጥለዋለች።

በየቤታችን ያለው ራውተር የሚሠራው ይህንኑ ነው። በቤት ውስጥ ያሉት ስልክና ኮምፒውተሮች በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር የግል ቁጥር አላቸው። እነዚህ ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1996 ለግል መረብ ተብለው የተለዩ ናቸው፤ ማንም ይጠቀምባቸዋል፣ ወደ ዓለም ግን አይወጡም። ራውተሩ ጸሐፊዋ ነው። ፖርት መክፈት ማለት «ስም የሌለው ደብዳቤ ከመጣ ለሰርቨሩ ስጪው» ብሎ ጸሐፊዋን ማዘዝ ነው።

በእኛ ጉዳይ ግን ከጸሐፊዋ በላይ ሌላ ጸሐፊ ነበር። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ክልል 4,194,304 ቁጥሮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2012 ለአንድ ዓላማ ብቻ ተለይቷል፤ አቅራቢዎች ብዙ ደንበኞችን በአንድ የዓለም አድራሻ ጀርባ እንዲያሰልፉበት። ላቦራቶሪው የራሱ ሣጥን የለውም ማለት ነው። ሣጥኑ የአቅራቢው ነው፤ ከእኛ ጋር የማናውቃቸው ብዙ ሰዎች ይጋሩታል። እኔ የራሴን ጸሐፊ ሁለት ሳምንት ሳዝዝ ከረምኩ። ደብዳቤውን የምትጥለው ግን የበላይዋ ናት፣ እሷ ደግሞ የእኔን ትእዛዝ አትሰማም።

## ቁጥሩ ለምን አጠረ

ዶክተሩ የጠየቁኝ ቀጣይ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። «ቁጥር ነው እኮ። ቁጥር እንዴት ያልቃል?»

አሁን ድረስ የምንገለገልበት የአድራሻ አሠራር፣ አይፒቪ4 የሚባለው፣ በደንብ መልክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። አድራሻው 32 ቢት፣ ማለትም 32 የዜሮና የአንድ አሃዝ፣ ስለሆነ ጠቅላላ ብዛቱ 4,294,967,296 ነው፤ አንድ እንኳ አይጨምርም። ያኔ መረቡ ጥቂት የምርምር ተቋማትን የሚያገናኝ ነበር፤ አራት ቢሊዮን የማያልቅ መስሎ ነበር። አሰጣጡም እንደዚያው ቸር ነበር። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በ18 የሚጀምሩትን በሙሉ ተሰጥቶት ነበር፤ 16,777,216 አድራሻ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ። ከፊሉን መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ለማን ምን እንደተሰጠ መዝግቦ የሚይዘው ለረጅም ጊዜ አንድ ሰው ነበር፤ ጆን ፖስቴል የሚባል የካሊፎርኒያ ተመራማሪ። እሱ እ.ኤ.አ. በ1998 አረፈ፤ በዚያው ዓመት አይካን የተባለው ድርጅት ተቋቋመ። የቁጥሩ ዋና መዝገብ ዛሬ በአይካን ሥር ባለው ክፍል ይያዛል። ስሙ ሲነበብ «አያና» ነው። ዶክተሩ «የእኛ አገር ሰው ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ።

አያና ቁጥር በቀጥታ ለማንም አይሰጥም። ለአምስት አህጉራዊ መዝጋቢዎች በጅምላ ያከፋፍላል፤ እነሱ ለቴሌኮሞችና ለድርጅቶች ይሰጣሉ፤ ቴሌኮሙ ለደንበኛው። የአፍሪካው መዝጋቢ አፍሪኒክ ነው፣ መቀመጫው ሞሪሸስ። እውቅና ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን ከአምስቱ የመጨረሻው ነው። ከዚያ በፊት አፍሪካ ቁጥር የምትቀበለው ከአውሮፓና ከአሜሪካ መዝጋቢዎች ነበር። እንግዲህ ድግሱ ላይ ማን ቀድሞ እንደተቀመጠ አስቡት።

የጅምላው መጋዘን እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 2011 ባዶ ሆነ። የቀሩት አምስት ጥቅሎች ለአምስቱ መዝጋቢዎች አንዳንድ ደረሳቸው። ለአፍሪኒክ የደረሰው በ102 የሚጀምረው ነው። ከዚያ ወዲህ የእስያው፣ የአሜሪካው፣ የአውሮፓው ተራ በተራ አለቀባቸው። አፍሪኒክ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ ወዲህ ግን አንድ አመልካች በአንድ ጊዜ የሚያገኘው ቢበዛ 1,024 አድራሻ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ደንበኛ ያለው አቅራቢ በዚህ ምን ያደርጋል? ያካፍላል። በ100 የሚጀምረው ቁጥር ሳቢያን ድረስ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

አዲሱ አሠራር፣ አይፒቪ6፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ። 128 ቢት ስለሆነ ቁጥሩ ለእያንዳንዱ ስልክ፣ ለእያንዳንዱ ማሽን ተርፎ ይበቃል። ችግሩ ሁለቱ አሠራሮች በቀጥታ አይነጋገሩም፤ ስለዚህ መንገዱ ሁሉ መቀየር አለበት። ለአዲሱ አቅራቢያችን ደውዬ አይፒቪ6 ጠየቅሁ። «ለእርስዎ ዓይነት ፓኬጅ አልተከፈተም» ተባልኩ። የመለሰችልኝ ልጅ ቢያንስ ምን እንደጠየቅሁ ገብቷታል፤ ለእሱም አመስግኛታለሁ።

## ቋሚ አድራሻ ገዛን፣ ሌላ ዕዳ ተረከብን

የመጀመሪያው መፍትሔ ከአቅራቢው ቋሚ የዓለም አድራሻ መግዛት ነበር። ማኅተም ያለው ደብዳቤ፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ቅጽ፣ ዘጠኝ የሥራ ቀን። የወር ክፍያው ከኢንተርኔቱ ክፍያ ብዙም አያንስም። ቁጥሩ መጣ፣ ፖርቱን ከፈትኩ፣ ሲስተር ደወለች። «ሲስተም መጣ!» ሦስት ቀን ደስ አለን።

በአራተኛው ቀን የከተማው ሐኪሞች «ውጤት በኢሜይል አልደረሰንም» ማለት ጀመሩ። የላቦራቶሪው ሶፍትዌር ለሐኪሞች ውጤት ተዘጋጅቷል የሚል ኢሜይል ከሰርቨሩ በቀጥታ ይልካል። ኢሜይሎቹ ሁሉ እየተመለሱ ነበር። ምክንያቱን ሳነብ የተሰጠን አድራሻ የአይፈለጌ መልእክት ላኪዎች ጥቁር መዝገብ ውስጥ ነበር። ከእኛ በፊት ቁጥሩ በሌላ ሰው እጅ ነበር፤ ያ ሰው ወይም የእሱ ቫይረስ የያዘው ኮምፒውተር የሠራውን ሠርቶ ሄዷል። ቤት ተከራይተህ ስትገባ የቀድሞው ተከራይ የመብራት ዕዳ ቆጣሪው ላይ እንደሚጠብቅህ ማለት ነው።

ቁጥራችንን ከጥቁር መዝገቡ ለማስወጣት ሞከርኩ። ያኔ ነው ነገሩ የጠለቀኝ። የአፍሪኒክ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ሰው አድራሻ አስገብቶ በማን ስም እንደተመዘገበ ማየት ይችላል። የእኛን አስገባሁ። የላቦራቶሪው ስም የለም። የአቅራቢው ስም ነው ያለው። የጥቁር መዝገቡ ሰዎች ደግሞ «ክልሉን የሚያስተዳድረው ድርጅት ይጠይቅ» ይላሉ። ከቁጥር ወደ ስም የሚመልሰውን መዝገብ ማስተካከልም፣ ኢሜይል ተቀባዮች የሚያዩት እሱን ነው፣ በአቅራቢው እጅ ብቻ ነው። እሱም ከአያና ወደ አፍሪኒክ፣ ከአፍሪኒክ ወደ አቅራቢው በውክልና ይወርዳል፤ እኛ ጋ ሳይደርስ ይቆማል።

ቢሮአቸው ሄጄ ይህን ለማስረዳት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በሦስቱም ጊዜ «ኢንተርኔቱ ይሠራል አይደል?» ተባልኩ። ይሠራል። በመጨረሻ ሌላ ቁጥር ሰጡን። የድሮው ቁጥር የቅርብ ጎረቤት ነበር፤ ጥቁር መዝገቡ ደግሞ ሰፈሩን በሙሉ ነበር የያዘው። በዚህ ላይ አሥራ አንድ ቀን ሄደ።

ሌላም ነገር ነበር። ፖርቱ በተከፈተ በሰዓታት ውስጥ የሰርቨሩ መዝገብ የይለፍ ቃል በሚሞክሩ የማይታወቁ አድራሻዎች ሞላ። በድሮው መስመርም አራት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ክፍት ነበር። ያልተሰረቀው በዕድል ነው።

የሒሳብ ሠራተኛው በዚህ መሐል ጥሩ ሐሳብ አመጣ። «ለምን ከሞሪሸሱ ድርጅት የራሳችንን አንወስድም?» ይቻላል፣ በወረቀት ላይ። ትንሹ የሚሰጠው መጠን 256 አድራሻ ነው፤ እኛ የምንፈልገው አንድ። አባል ሆኖ በየዓመቱ መክፈል፣ ፍላጎትን በሰነድ ማስረዳት፣ ከዚያም ቁጥሩን ለዓለም የሚያስተዋውቅልህ አቅራቢ ማግኘት ያስፈልጋል። ለዩኒቨርሲቲ፣ ለባንክ ያዋጣ ይሆናል። አፍሪኒክ ራሱም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከአንድ አባሉ ጋር በገባው ክርክር ፍርድ ቤት ሲመላለስ፣ የባንክ ሒሳቡ ሲታገድ፣ ቦርድ አልባ ሆኖ ፍርድ ቤት በሾመው አስተዳዳሪ ሲመራ የከረመ ድርጅት ነው። የክርክሩ መነሻ ይኸው ቁጥር ነው፤ በአፍሪካ ስም የተወሰደ አድራሻ ከአፍሪካ ውጭ ይከራያል ወይስ አይከራይም የሚል። እጥረት ባለበት ዕቃ ላይ ጭቅጭቅ አይጠፋም።

## የሠራው መንገድ

የመጨረሻው መፍትሔ ከሁሉም የረከሰው ሆነ። አዲስ አበባ ካለ የመረጃ ማዕከል ትንሽ ሰርቨር በብር ተከራየን። እሱ የዓለም አድራሻ አለው። የድሬው ቤትም የሐረሩ ቤትም ወደ እሱ ይደውላሉ፤ በመሐል የተመሰጠረ ዋሻ፣ ማለትም ሌላ ሰው ሊያነበው የማይችል የግል መንገድ፣ ይከፈታል፤ ዋየርጋርድ የሚባለውን ሶፍትዌር ነው የተጠቀምኩት። ከውስጥ ወደ ውጭ ለሚወጣ ደብዳቤ ጸሐፊዋ አትከለክልም፤ ምስጢሩ ያ ነው። ማንም ወደ ሳቢያን መደወል አያስፈልገውም። ከድሬ የከፈትነውን ፖርት ዘጋሁት። ውጤቱ መሐል ላይ አይቀመጥም፣ ያልፋል እንጂ። ኢሜይሉን ደግሞ በመደበኛ የኢሜይል አገልግሎት በኩል እንዲወጣ አደረግሁ፤ የጥቁር መዝገቡ ጣጣ በዚያው አለቀ። ቋሚውን አድራሻ መለስን።

ሁለት እንቅፋት ገጠመኝ፤ ሁለቱም ለሌላው ስለሚጠቅሙ ልንገራችሁ።

አንደኛው ሁለቱም ቤቶች በውስጥ 192.168.1 መጠቀማቸው ነው። ራውተር ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው፤ ማንም አይነካውም። ሁለቱ ቤቶች በዋሻ ሲገናኙ ግን ሁለት የአንድ ቁጥር ቤቶች በአንድ ቀበሌ ሆኑ። የሐረሩ ኮምፒውተር ሰርቨሩን ሲፈልግ የራሱን ፕሪንተር ያገኛል። ከሁለቱ አንዱ መቀየር ነበረበት። የድሬው እንዳይቀየር የደም መመርመሪያው ማሽን ውስጥ አድራሻው ተቆልፎ ተጽፏል፤ የሚከፍተው የአስመጪው ቴክኒሻን ብቻ ነው። ስለዚህ የሐረሩን ወደ 10.20.2 ቀየርኩት። ፕሪንተሩ ግማሽ ቀን ጠፋ። ሲስተር ታግሳኛለች።

ሁለተኛው ሁለት ቀን አስጨነቀኝ። ዋሻው ጠዋት ይሠራል። ከሰዓት ሐረር ውጤት ሲጠይቅ የለም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ማንም ምንም ሳይነካው ይመለሳል። መብራት ነው አልኩ፣ ሙቀት ነው አልኩ። ነገሩ የድሬ ምሳ ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ድሬ ያርፋል፤ ሙቀቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐረር ግን ብርድ አለ፣ ሥራው ይቀጥላል። ድሬ ሲያርፍ በመስመሩ ምንም አይላክም፤ የአቅራቢው ጸሐፊ ደግሞ ዝም ያለን ሰው ከመዝገቧ ትሰርዘዋለች። ከሐረር የመጣው ጥያቄ ዋሻው አፍ ላይ ይቀራል። የድሬ ሰው ተመልሶ ኮምፒውተሩን ሲነካ መዝገቡ ይታደሳል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፤ በየ25 ሴኮንዱ «አለሁ» የሚል ትንሽ መልእክት እንዲላክ ማዘዝ። ከዚያ ወዲህ ድሬ ቢተኛም ዋሻው አይተኛም።

## ለሌላ ቤት የሚሆነው

ቅርንጫፍ፣ የደኅንነት ካሜራ፣ ወይም ከውጭ የሚከፈት ማንኛውም ነገር ያለው ሰው መስመር ከመቀየሩ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ አዲሱ መስመር የራሱ የዓለም አድራሻ አለው ወይስ የጋራ ነው? ሻጩ ካላወቀ ራሱ ያረጋግጥ። በራውተሩ ገጽ ያለው ቁጥርና በድረ ገጹ የሚታየው ከተለያዩ የጋራ ነው፤ በተለይ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከሆነ አይጠራጠር። ፖርት በመክፈት ጊዜ አያባክን። ሌላ ራውተርም አይግዛ።

አዲሱ መስመር ቢያንስ አንድ ወር እስኪፈተሽ የድሮው ባይዘጋ ጥሩ ነው። እኛ ወዲያው ዘጋነው፤ ቁጥሩም አብሮ ሄደ። መልሱልን ብንል የሚሰማን አልነበረም።

ቋሚ አድራሻ መግዛት የግድ ከሆነ ከመፈረም በፊት ቁጥሩን ተቀብሎ በጥቁር መዝገቦች ላይ መፈተሽ ነው። ነፃ ነው፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን የተለየ የውስጥ ቁጥር ይሰጠው፤ አንድ ቤት 10.20.1፣ ሌላው 10.20.2። ያኔ ምንም አያስከፍልም።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ቁጥርን በየኮምፒውተሩ ላይ የመጻፍ ልማድ ነው። አድራሻው ለተመዝጋቢው በውሰት የተሰጠ፣ ለእኛ ደግሞ በውሰት ላይ ውሰት ነው። አሁን የሐረሩ ኮምፒውተር የሚያውቀው ስም ብቻ ነው፤ ከስሙ ጀርባ ያለው ቁጥር ቢቀየር ሲስተር ምንም አይታያትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሐረር ለሌላ ሥራ ሄጄ ቅርንጫፉ ጎራ አልኩ። ያ ወረቀት ስክሪኑ ላይ እንደተለጠፈ ነው፤ ቁጥሩ በድሮው ልጅ እጅ ጽሑፍ። ለማወቅ ያህል አስገባሁት። የአንድ የማላውቀው ድርጅት የካሜራ መግቢያ ገጽ ተከፈተ፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሲስተር ከኋላዬ ሆና አየችው።

«እኛ እኮ እዚህ ላይ ነበር ስማችንን የምንጽፈው» አለች። ከዚያ ፕላስተሩን ቀስ ብላ ላጠችው።